ምርጫ በስንተኛው ጋብቻ? የትዳር ጓደኛ ማግኘት በአምበርና በዙሪያዋ

ዛሬ አምበር ላይ አዲስ ተጋቢዎችን የሚያገኝ ሰው «እንኳን ደስ አላችሁ» ካለ በኋላ ማስከተሉ የማይቀረው «የት ተዋወቃችሁ?» የሚለው ጥያቄ ነው። መልሱ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ይላል፣ ሌላዋ መሥሪያ ቤት፣ ሌላው የሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ጥናት፣ ሌላዋ የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ትላለች፣ ሌላው ፌስቡክ። ከዛሬ ሃምሳና ስድሳ ዓመት በፊት ለተዳሩት እናቶች ግን ጥያቄው ራሱ ቦታ አልነበረውም። ብዙዎቹ ባላቸውን ያዩት በሠርጋቸው ዕለት ነው፤ ለዚያውም ፊታቸው ተሸፍኖ በበቅሎ ከተወሰዱ በኋላ።

አምበር በምሥራቅ ጎጃም የአነደድ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አባይ በረሃን ወርዶና ወጥቶ፣ ደጀንንና ሉማሜን አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ያገኛታል። ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። በአንድ በኩል የአብነት ትምህርትና የርስት አገር የቆየ ሥርዓት፣ በሌላ በኩል በየቀኑ አውቶቡስ የሚያልፍበት መንገድ አላት። ስለዚህ በትዳር ጉዳይ በገጠሩ የሆነውም በከተማው የሆነውም እዚህ ጎን ለጎን ይታያል።

ለውጡ ሲነገር ብዙ ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ይጠቃለላል፤ ድሮ ወላጅ ይመርጥ ነበር፣ አሁን ልጆች ይመርጣሉ ይባላል። ይህ አነጋገር ትልቁን ነገር ይሸፍናል። በጎጃም ደጋ ሴት ልጅ ድሮም የምትመርጥበት ጊዜ ነበራት። የምትመርጠው ግን ሁለተኛውን ባል ነበር። የመጀመሪያው ጋብቻ የቤተሰብ ነው፤ እሱ ሲፈርስ የሚመጣው የራሷ ይሆናል። ባለፉት ስድሳና ሰባ ዓመታት የሆነው ትልቁ ነገር ይህ ምርጫ ከሁለተኛው ጋብቻ ወደ መጀመሪያው መሻገሩ ነው። ጉዞው ረጅም ነበር፣ ብዙ ልጆችም ዋጋ ከፍለውበታል፤ ዛሬም አላለቀም።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ልጁ ለአቅመ አዳም ሲቃረብ አባት ዙሪያውን ማየት ይጀምራል። የማን ቤት በሬ አለው? ማን ከማን ጋር ደም ተቃብቷል? የማን ወገን በሽንጎ ይከበራል? የአጥንት ምርመራውም አለ። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ ወይም ፋቂ የሆነ ዘር የተባለ ቤት፣ ቡዳ የሚል ሐሜት ያለበት፣ ሥጋ ደዌ ገብቶበታል የተባለ ቤት ከመነሻው ይታለፋል። ቀጥሎ ዝምድና ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚገናኙ ከሆነ ነገሩ ያበቃል። ይህን ሁሉ የሚቆጥሩት አዛውንት ናቸው፤ የትኛው አያት ከየትኛው አያት እንደሚወለድ በቃላቸው ያውቁታል።

ከዚያ አማጭ ይላካል። ሦስት ወይም አራት የተከበሩ ሰዎች በማለዳ ከልጅቱ አባት ደጅ ይደርሱና «ቤቶች!» ይላሉ። ግቡ ተብለው ቢገቡም አይቀመጡም። «ኧረ ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማልን አንቀመጥም» ይላሉ። አባት ምን ሊሉ እንደመጡ ጠንቅቆ እያወቀ «ምን እግር ጣላችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው ነጠላውን አጣፍቶ «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጣን» ይላል። በመጀመሪያው ቀን እሺ ማለት ልጅን ማርከስ ነውና መልሱ የታወቀ ነው፤ «ከዘመድ ልምከርበት» ይባላሉ። ቀጠሮ ይሰጣቸዋል፤ በቀጠሮው ይመለሳሉ፤ ሌላ ቀጠሮ ይሰጣቸዋል። እናት ጓዳ ሆና ሁሉንም ትሰማለች፤ ማታ ለባሏ የምትናገረው ቃልም ቀላል ክብደት አልነበረውም። ልጅቱ ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ ከብት ትጠብቃለች ወይም ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች። ታጭታ መኖሯን ከጓደኞቿ አፍ የሰማች ስንት አለች!

ነገሩ ሲሰምር ስለ ከብት ይነገራል። በጎጃም የሁለቱም ወገን ድርሻ እንዲመጣጠን ይፈለግ ነበር። በ1950ዎቹ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የመሬት ሥሪቱን ያጠናው አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ አላን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ የጎጃም ርስት በአባትም በእናትም መስመር እንደሚጠየቅ በሰፊው ያሳያል። እንግዲህ ሙሽራ ስትመጣ ከነርስት ጥያቄዋ ነው። ሁለት ቤቶች ሲጋቡ በሬና ጥጃ ብቻ አይደለም የሚያገናኙት፤ ለልጅ ልጆቻቸው ርስት የሚጠይቁበትን አዲስ የዘር መስመርም ይከፍታሉ። ይህን ያህል ነገር በአንድ ጋብቻ ላይ ሲጫን የሁለት ልጆች ፍላጎት የሚጠየቅበት ቦታ አልተረፈም። በላይኛውም ቤት ያው ነው። የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ሰብለ ወንጌል በ1902 ዓ.ም. ገደማ ለልጅ ኢያሱ የተዳረችው የጎጃምንና የሸዋን ቤት ለማስተሳሰር ነው።

ዕድሜያቸውስ? አንዳንዷ ገና ሕፃን ሳለች በሁለት ወዳጅ አባቶች መካከል ቃል ይታሰርባት ነበር። ሌላዋ በሰባት በስምንት ዓመቷ ተድራ አማቶቿ ቤት ታድጋለች። ወላጆች ይህን ያደረጉት ልጃቸውን ስለጠሉ አይደለም፤ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። ድንግልናዋ ከሠርግ በፊት ቢጠፋ የቤቱ ስም ይጠፋል። ሳታገባ ብትቆይ «ቆሞ ቀር» ትባላለች። አያት ሳይሞቱ የልጅ ልጃቸውን ወግ ማየት ይፈልጋሉ። ከዚህ ሌላ ጎጃም የዲማ፣ የደብረ ወርቅ፣ የመርጡለ ማርያምና የደብረ ኤልያስ አገር ነው፤ በየደብሩ ዲያቆን ሞልቷል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት ድንግል አግብቶ መቁረብ አለበት። ልጅቱ ትንሽ በሆነች ቁጥር ጥርጣሬ አይኖርም ብለው ያስቡ ነበር። ምክንያቱን ሁሉ ብረዳውም የስምንት ዓመት ልጅ በበቅሎ ላይ መቀመጧን ምንም ሊያቀልልኝ አልቻለም።

እነዚያ ጋብቻዎች ብዙ ጊዜ ፈርሰዋል። ልጅቱ ትኮበልላለች፤ ወደ ወላጆቿ ቤት ትመለሳለች፤ ተመክራ ትላካለች፤ እንደገና ትመጣለች። እ.ኤ.አ. በ1990 በተሰበሰበ ብሔራዊ መረጃ ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶው በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ እንደሚያበቃ አሳይቷል። ከተፋቱት ሴቶች ሁለት ሦስተኛው ትዳራቸው የፈረሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ነው። ከፍቺው ምክንያቶች አንዱ ያለ ዕድሜ መዳር ሆኖ ተገኝቷል። ቁጥሩ አገር አቀፍ ቢሆንም ያለ ዕድሜ ጋብቻ እጅግ የበረታው በአማራ ገጠር ስለነበር እዚህ ያሉ እናቶችን ታሪክ የሚሰማ ሰው አይገረምበትም።

እዚህ ላይ ነው ምርጫ የሚመጣው። ከፈታች በኋላ ሴትዮዋ ሌላ ሰው ናት። የድንግልና ጉዳይ ተዘግቷል፤ የቤተሰቡ ክብር በእሷ ሠርግ ላይ አይለካም፤ ድርሻዋን ከብትና እህል ይዛ ወጥታለች። የሚፈልጋት ሰው በገበያ መንገድ ላይ ራሷን ያነጋግራታል። ሽማግሌ ቢመጣ እንኳ አባቷ «እሷን ጠይቋት» ይላል። እንቢ ካለች እንቢ ነው። ሁለተኛው ጋብቻ ድግሱ ትንሽ ነው፤ ሚዜ አይበዛበትም፤ ሰማንያው በጥቂት ምስክር ፊት ይታሰራል። ብዙ እናቶች ስለ ትዳራቸው ሲያወጉ የመጀመሪያውን በአንድ ቃል ያልፉትና ስለ ሁለተኛው ፊታቸው እየበራ ይናገራሉ። ልጆቻቸውን የወለዱት፣ አብረው ያረጁት ከእሱ ጋር ነው።

ነገር ግን ወደዚያ ምርጫ ለመድረስ በመጀመሪያው ማለፍ ነበረባቸው፤ ያለፉትም ሁሉም አይደሉም። አካሏ ሳይጠና ያረገዘች ልጅ በምጥ ቀናት አሳልፋ ልጇንም ጤናዋንም ታጣ ነበር። የፊስቱላ ሕክምና የሚሰጠው ሐምሊን ፊስቱላ በ1997 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ማዕከል የከፈተው ለእነዚህ ሴቶች ቅርብ ለመሆን ነው። የኮበለሉትም ሁሉ ወደ ሁለተኛ ትዳር አልደረሱም። አንዳንዶቹ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ አዲስ አበባ ሄደው በሰው ቤት ሠራተኝነት ወይም ጠላና አረቄ በመሸጥ ኖረዋል።

ፍቅር አልነበረም ማለት እንዳይመስል። ወጣቶች የሚተያዩበት ጊዜ በዓመቱ ውስጥ ተመድቦ ነበር። በዘመን መለወጫ ሰሞን የምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ይወጣሉ። በቡድን እየዘፈኑ ወደ መስኩ ወርደው እንግጫውን ይነቅላሉ፣ ይጎነጉናሉ፣ አደይ አበባ ይጨምሩበታል፤ ጎረምሶችም ከአካባቢው አይርቁም። ጥምቀት ሲመጣ ደግሞ አዲስ ልብስ ይለበሳል፤ ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለም? ታቦቱን አጅበው ሲሄዱ ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ ደረት በሎሚ ይመታል። ሎሚውን ካነሳችው ነገር አለ። ግን የሎሚው ውርወራ ወደ ትዳር የሚደርሰው ቤተሰቦቹ በሌላ መንገድ ከተስማሙ ነበር። አለዚያ በልብ ይቀራል።

ይህን በልብ የቀረ ነገር ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለአገር ሁሉ አሳየው። ሐዲስ የዚሁ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ልጅ ነው፤ ታሪኩም የተተከለው በጎጃም ነው። በልቦለዱ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን የሚመጥናት ዘር አልተገኘም እየተባለ የጠየቃት ሁሉ ይመለሳል፤ ዕድሜዋም ይሄዳል። የአጥንት ቆጠራው በድሀዋ ብቻ ሳይሆን በባላባቷም ልጅ ላይ ምን እንደሚያደርስ ከዚህ በላይ የጻፈ የለም። ኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ማንበብ የማይችለውም ሰማው። አንድ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል። ሰብለንና ፍቅረኛዋን በዛብህን ያገናኛቸው ሎሚ አይደለም፣ አማጭም አይደለም፤ ትምህርት ነው። እሱ አስተማሪ፣ እሷ ተማሪ ሆነው አንድ ክፍል ተቀመጡ። ከመጽሐፉ በኋላ በአካባቢው የሆነውም ይኸው ነው፤ ወንድና ሴትን ያለ ሽማግሌ በአንድ ክፍል ያስቀመጠው መጀመሪያ ትምህርት ነው።

ለውጡ ግን ፈጥኖ አልመጣም። ደብረ ማርቆስ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ትምህርት ቤትን የመሰለ አንጋፋ ትምህርት ቤት ቢኖራትም የገጠር ሴት ልጅ ወደ ክፍል ለመግባት ብዙ ጊዜ ጠብቃለች። በአብዮቱ ዘመን ነገሩ ተነቃነቀ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘማቾች ወደ ገጠር ወረዱ፤ ወንድና ሴት ተማሪ አብረው ሲሠሩ አብረው ሲበሉ ገበሬው አየ። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ባልቴትም ልጃገረድም ጎረምሳም አንድ ዳስ ገቡ። የቀበሌ የኪነት ቡድን ልምምድ ማታ ማታ ስለነበር ወላጆች ተቃውመውት ነበር። በብዙ ቦታ በአንድ መድረክ ላይ የዘፈኑ ጥንዶች ኋላ ተጋብተዋል።

ዘማቾቹ በወረዱበት ዓመት፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያስቀር የአባቶች ድርድር አንዱ ምሰሶ ተነቀለ። ይሁን እንጂ ያለ ዕድሜ ጋብቻ አልቀነሰም። መሬት የሚደለደለው በአባወራ ስለነበር ጎጆ የወጣ ወጣት ድርሻ ይጠይቃል። ወላጅ ልጁን ቶሎ ቢድር መሬት ያስገኝለታል። አዋጅ የሚያስበውና ገበሬው የሚያሰላው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ከዚህ በበለጠ የትዳርን ሚዛን የለወጠው የ1989 ዓ.ም. የአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግና እሱን ተከትሎ የመጣው የይዞታ ደብተር ነው ብዬ አምናለሁ። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ብትፋታ ድርሻዋን ይዛ የምትወጣ ሴት ስታገባም የምትናገረው ቃል ይከብዳል።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት 15፣ ለወንድ 18 ዓመት ብሎ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው፤ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ያለ ዕድሜ መዳርን በስሙ ወንጀል አለው። ጠልፎ ያገባን ሰው ከቅጣት ያስመልጥ የነበረውን የቀድሞ ድንጋጌም አስቀረ።

ሕጉ በወረቀት፣ ሠርጉ በቀዬ ነበርና የሁለቱ ትግል ያን ጊዜ ተጀመረ። በትምህርት ቤቶች የሴት ተማሪዎች ክበብ ተቋቋመ። ልትዳር መሆኗን የሰማች ልጅ ለመምህሯ ትናገራለች፤ መምህሩ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ጽሕፈት ቤቱ ለፖሊስ። ድግሱ ተጥሎ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሙሽራው በመንገድ ላይ እያለ የቆመ ሠርግ ብዙ ነው። ቤተሰብም ዘዴ አላጣም። ድግሱን ማኅበር ነው፣ ተዝካር ነው፣ ክርስትና ነው ይላል። ዕድሜዋ የደረሰ እህቷ ሙሽራ ናት ተብሎ ይነገርና በዚያው ዳስ ታናሽቱም አብራ ትዳራለች። ልጅቱ ጤና ጣቢያ ተልካ ዕድሜዋ እንዲገመት ሲደረግ ከፍ ያለ ቀሚስ አልብሰውና ራሷን አስረው ወይዘሮ አስመስለው ይልኳታል። ዘዴው ሁሉ የሚያሳየው አባቶች ሕግ አለማወቃቸውን አይደለም፤ ሕጉ የልጃቸውን ዕጣ እንደማያውቅ ማመናቸውን ነው። ስለዚህ ውጤት ያመጡት ፕሮግራሞች ከክስ ይልቅ ስጋታቸውን ያዳመጡት ናቸው። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በክልሉ ሞሰቦ በተባለው ገጠር የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» ልጃገረዶችን በቡድን ያሰባስብ፣ የትምህርት ቁሳቁስ ይሰጥ ነበር፤ ልጁን ሳይድር የቆየ ቤተሰብም በመጨረሻ ፍየል ያገኝ ነበር። ለትንንሾቹ ልጆች ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ ትምህርት ቤት ቆዩ፣ ሳይዳሩም ቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ25 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች የመጀመሪያ ጋብቻ መካከለኛ (ሚዲያን) ዕድሜ በአገሪቱ 16.5፣ በአማራ ክልል 14.7 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 አገራዊው ወደ 17.1 ከፍ አለ። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ከ20 እስከ 24 ዓመት ካሉት ሴቶች 40 በመቶው ከ18 ዓመት በፊት ተድረዋል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2014 ለንደን ላይ በተካሄደው የልጃገረዶች ጉባኤ ያለ ዕድሜ ጋብቻን በ2025 አስቀራለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። ቀነ ገደቡ አልፏል።

ልጅቱ ትምህርት ቤት መቆየት ስትችል ሌላ ነገር ተከተለ። የአምበር ዙሪያ ቀበሌዎች ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ከተማ ገብተው ቤት ይከራያሉ። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይይዛሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤት ሄደው እሑድ ማታ እንጀራ፣ በሶና ሽሮ ተሸክመው ይመለሳሉ። በዘር ከተቆጠረላቸው ሰው ውጭ ያለ ወንድና ሴት የሚያውቁት እዚህ ነው። አብሮ ማጥናት አለ፣ ከቀዬ እስከ ከተማ አብሮ መንገድ መሄድ አለ። ደብዳቤም ነበር። ከደብተር መሐል በተቀደደ ወረቀት ላይ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ በሚል የሚጀምር፣ በአራት ታጥፎ በጓደኛ እጅ የሚላክ። ያን ደብዳቤ አባት ካገኘው ልጅቱ ከትምህርት ትወጣና በዚያው ዓመት ትዳር ነበር። የመጀመሪያ ምርጫቸውን በወረቀት የጻፉ ልጆች የከፈሉት ዋጋ በደንብ አልተነገረም።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ መቀበል ከጀመረበት ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከሲዳማ፣ ከወለጋ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች ከጎጃም ልጆች ጋር በአንድ ግቢ ተገናኙ። ለሰባት ቤት ቆጣሪ አዛውንት ይህ አዲስ ፈተና ነው። የልጁ አያት ማን እንደሆነ የሚያውቅ በአካባቢው የለም። የልጅቱ ቤተሰብ የሚይዘው መንገድ ስልክ መደወል ሆነ፤ የሚያውቁት ሰው በዚያ አገር ካለ ይፈለጋል፣ ስለ ልጁ ቤት ይጠየቃል። ምርመራው አልቀረም፣ በስልክ ሆነ እንጂ።

ከዚህ በፊት አንድ ምርመራ ተጨምሮ ነበር። በ1990ዎቹ ኤችአይቪ በከተማና በገጠር ሲስፋፋ አብያተ ክርስቲያናት ከቃል ኪዳን በፊት የደም ምርመራ ውጤት መጠየቅ ጀመሩ። እጮኛሞች አብረው ጤና ጣቢያ ሄደው ወረፋ ጠበቁ። ብዙዎቹ ስለ ራሳቸው ሕይወት ያለ ሽማግሌ፣ ያለ ሚዜ፣ ሁለት ብቻቸውን የተነጋገሩት ያን ቀን ነው። በሽታው ያደረሰው ሐዘን ተነግሮ አያልቅም፤ ከዚያ ሐዘን ውስጥ ግን ከሠርግ በፊት ፊት ለፊት የመነጋገር ልማድ ወጣ።

ሞባይል ሲመጣ ይህ ንግግር ከመንደሩ ዓይን ወጣ። መጀመሪያ ሚስኮል ነበር። አንድ ጊዜ ጠርቶ መዝጋት አስቤሻለሁ ማለት ነው፣ ሁለቴ ከሆነ ውጪ፣ ካርድ ያለው ሰው ደግሞ ይደውላል። በስህተት ቁጥር ተጀምሮ በሠርግ ያለቀ ትውውቅ የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ኋላ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ መጡ፤ ዓረብ አገር ያለችው ልጅ በኢሞ ታወራለች። በከተማ ትዳር ፈላጊዎችን የሚያገናኙ ደላሎችና የቴሌግራም ቻናሎች ተከፈቱ፤ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሃይማኖት፣ ቁመት ይጻፋል። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1980ዎቹ የመጣው የአሜሪካ ዲቪ ሎተሪ በወረቀት መጋባትን አስለምዶ ነበር። በእነዚህ መንገዶች ገንዘባቸውን የተበሉ፣ ባለትዳር ሰው ያላገባሁ ነኝ ብሎ ያታለላቸው ብዙ ናቸው። አማጭ የሚባሉት አዛውንት አንድ ትልቅ ነገር ነበራቸው፤ ለተናገሩት ቃል ተጠያቂ ነበሩ። ልጁ ሰካራም ቢሆን፣ ቢማታ፣ ልጅቱ ወደ እነሱ ሄዳ «እናንተ ናችሁ የዳራችሁኝ» ትላለች፤ እነሱም ዝም አይሉም። የስልኩ ትውውቅ እንዲህ ያለ ዋስ የለውም። ወጣቶቹም ያውቁታል። ለዚህም ይመስለኛል ራሳቸው ተዋውቀው፣ ራሳቸው ተስማምተው፣ በመጨረሻ ሽማግሌ የሚልኩት። የሽምግልናው ቅደም ተከተል ተገልብጧል፤ ድሮ ሽማግሌ ይጀምረው የነበረውን አሁን ያጸናዋል። ብዙ ሽማግሌዎችም «ልጆቹ ተዋደዋል፣ ምን እናድርግ?» ብለው ይጀምራሉ። ልጅቱም ተጠርታ ትጠየቃለች።

አልለወጥ ያለው የአጥንቱ ጉዳይ ነው። በዩኒቨርሲቲ ተዋውቀው፣ ዓመታት አብረው ቆይተው፣ ሽማግሌ ሊላክ ሲል የልጁ አያት ሸማኔ ነበሩ ወይም የልጅቱ ቤት ቡዳ ይባላል ተብሎ የፈረሰ ትውውቅ ዛሬም አለ። የገዛ ልብሳችንን የሠራልንን፣ ማረሻችንን የቀጠቀጠልንን ሰው ልጅ አንሰጥህም ማለት ያኔም ግፍ ነበር፣ አሁንም ግፍ ነው። ትምህርትና ስልክ ብዙ በር ከፍተዋል፤ ይህንን በር ግን ወጣቶቹ ራሳቸው ካልገፉት የሚከፍተው የለም።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ አዲስ ጊዜ መጥቷል። በክልሉ ጦርነት ተቀሰቀሰ፤ ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋረጠ። በቴሌግራም ይነጋገሩ የነበሩ ጥንዶች ወደ ተራ ጥሪ ተመለሱ፤ መንገድ ሲዘጋ እሱም አልተቻለም። የጥር ሠርግ በሰዓት እላፊና በፍርሃት ጠብቦ ተሠራ፣ ወይም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። ይህ ሁሉ ያልፋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ትምህርት ቤት ነው። በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከክፍል ውጭ ሆነዋል። ልጅቱ ቤት ስትውል፣ መንገዱ አስጊ ሲሆን፣ የታጠቀ ሰው በየቦታው ሲታይ፣ አባት የድሮውን ስሌት ያስባል፤ ሳትነካ ልዳራት ይላል። ክበቡ የለም፣ የምትነግረው መምህር ደሞዝ አጥቶ ወይም ሸሽቶ ሄዷል፣ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ገጠር ድረስ አይወርድም።

በኢትዮጵያ የልደትና የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በዚያ ዓመት በአነደድ የተወለደች ልጅ ዛሬ 10 ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ቅድመ አያቷ የተዳሩበት ዕድሜ ደርሳለች። በስሟ የተጻፈ የልደት ቀን ካላት፣ ሽማግሌ ቢመጣ አባቷ ዕድሜዋን ከፍ አድርጎ ሊናገር አይችልም። የልደት ወረቀቷን የሚያይላት ሰው እንዲኖር ግን ትምህርት ቤቷ መከፈት አለበት።